ቸርኬው ስንት ኪሎ ነው?

ቸርኬ ሊያስቀይር የሚመጣ ሰው መጀመሪያ መልኩን ያያል፤ ቀጥሎ ዋጋውን ይጠይቃል፤ ከዚያ ኢንቹን። ክብደቱን የሚጠይቅ ብርቅ ነው። እኔ ደግሞ ሥራዬን የምጀምረው ከዚያው ነው። ከመኪናው የወረደውን ቸርኬ ጎማውን አውልቄ ሚዛን ላይ አወጣዋለሁ፤ አዲሱንም አስከትላለሁ። ደንበኛው ብዙ ጊዜ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ «አሉሚኒየም ስለሆነ ይቀላል» ብሎ የገዛው ከብረቱ ከብዶ ይገኛል።

ነገሩ እንቆቅልሽ አይደለም። እኩል መጠን ያላቸው አሉሚኒየምና ብረት ቢመዘኑ አሉሚኒየሙ የብረቱን ሲሶ ያህል ነው። ነገር ግን የዚያኑ ያህል በቀላሉ ስለሚለመጥ ያንኑ ጭነት እንዲችል ወፈር ተደርጎ ይሠራል። በዚያ ላይ የ14 ኢንቹ ብረት ወልቆ ሰፊ ባለ 16 ኢንች ሲገባ፣ ከማዕድኑ የተረፈው በመጠኑ ተመልሶ ይበላል። ቅለት ያለው በስሙ ሳይሆን በአሠራሩ ነው። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰው ርካሹና ወፍራሙ ነው። ከፈሰሰ በኋላ ዙሪያው እየተሽከረከረ በሮለር ተዳምጦ የሚሳሳ አለ፤ እሱ ይሻላል። በከባድ ፕሬስ ተቀጥቅጦ የሚወጣው ከሁሉም ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው።

ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሊዮን በተደረገው ግራንድ ፕሪ ላይ ቡጋቲ ታይፕ 35 የተባለችውን መኪና ያሰለፈው ከአሉሚኒየም በተሠሩ ቸርኬዎች ነበር። የፍሬኑ ከበሮም ከቸርኬው ጋር አንድ አካል ነበር፤ ጎማ ሲወልቅ ፍሬኑ ወለል ብሎ ይታያል። ከዚያ ወዲህ ውድድር ውስጥ ያሉ ሰዎች ከጎማ ላይ ግራም ሲቀንሱ መቶ ዓመት አልፏቸዋል። የእኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ገበያና ሥራ የምታመላልስ አንዲት ቶዮታ ቪትዝ ከዚህ ምን ታገኛለች?

ወጣቶቹ የሚጠብቁት ፍጥነትን ነው። «ጋሼ፣ ከጎማ ላይ የሚቀነስ አንድ ኪሎ ከቦዲው አሥር ኪሎ እንደመቀነስ ነው አይደል?» ይሉኛል። አይደለም። የሚሽከረከር ክብደት ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል፤ አንዴ ወደ ፊት ለመሄድ፣ አንዴ ለመዞር። ሆኖም የመጨረሻው ጣሪያ እጥፍ ነው፤ እሱም ክብደቱ ጎማው መሬት በሚነካበት ጠርዝ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። የ14 ኢንች ቸርኬ ዙሪያ ከመሐሉ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ጎማው ደግሞ 29 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይደርሳል። ሒሳቡ ሲሠራ ከቸርኬው ዙሪያ የሚነሳ አንድ ኪሎ 1.4 ኪሎ ያህል ቢቆጠር ነው። ከየጎማው ሁለት ኪሎ ብናተርፍ በአራቱ ስምንት ነው፤ መኪናዋ ስትነሳ የሚሰማት ደግሞ እንደ 11 ኪሎ ነው። አንድ ሺህ ኪሎ ለምትመዝን መኪና ይህ አንድ ከመቶ ነው፤ አንድ ሕፃን ልጅ ከኋላ ወንበር እንደማውረድ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች፣ አየሩ ሳስቶ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን ያጣል። ትንሽ ሞተር ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ቢቆጠር እውነት አለው፤ መንቀሳቀስና መቆም በበዛበት መንገድ ላይ እግርም ይሰማዋል። በአንድ ፍጥነት ዳገት ለሚወጣ መኪና ግን የመሽከርከሩ ትርፍ ዜሮ ነው፤ የሚቀረው ስምንቱ ኪሎ ብቻ ነው። ከዚሁ ሒሳብ አንድ የማይነገር ነገርም ይወጣል፤ ጎማው ራሱ ከቸርኬው ይልቅ ወደ ጠርዙ ስለሚርቅ፣ ከከባድ ጎማ ወደ ቀላል ጎማ መለወጥ በኪሎ ከቸርኬ የበለጠ ያስገኛል።

እውነተኛው ትርፍ ያለው ከሞላው በታች ነው። መኪናን ለሁለት ከፍለን እንያት። ሞተሩ፣ ቦዲውና ተሳፋሪው በሞላ ላይ ተቀምጠዋል። ጎማው፣ ቸርኬው፣ ሞዞውና ፍሬኑ ከሞላው በታች ሆነው ከመንገዱ ጋር በቀጥታ ይጋፈጣሉ። ጎማ ጉብታ ሲመታ ወደ ላይ ይወረወራል፤ ሞላው ተጭኖ ወደ መሬት ይመልሰዋል፤ አሞርዛተሩ እንዳይነጥር ይይዘዋል። ከባድ ጎማ አንዴ ከተወረወረ ለመመለስ ይዘገያል። በዚያች ቅጽበት ያ ጎማ መሬት አልያዘም፤ ስለዚህ ፍሬንም መሪም የለውም። በአንድ ጎማ በኩል ከሞላው በታች ያለው ሁሉ ተደምሮ 30 ኪሎ ቢሆን፣ ከላይ ያልኳት ሁለት ኪሎ ወደ ሰባት ከመቶ ትጠጋለች። ለፍጥነት አንድ ከመቶ የነበረው ለምቾትና ለመንገድ አያያዝ ሰባት ሆነ ማለት ነው። ኮብልስቶን በተነጠፈ የሰፈር መንገድ ላይ ልዩነቱን የሚያውቀው እጅ ነው፤ የመሪው መንቀጥቀጥ ይሳሳል፣ ከታች የሚመጣው ድብደባም ይለዝባል።

ይህን ትርፍ በአንድ ጊዜ የሚያጠፋው ኢንች መጨመር ነው። 175/65 ባለ 14 ኢንች ጎማ ከቸርኬው እስከ መሬት 114 ሚሊ ሜትር የጎን ከፍታ አለው። በ195/45 ባለ 16 ኢንች ብንተካው የጎማው ጠቅላላ ቁመት ያው ነው፤ 583 የነበረው 582 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጎኑ ግን ወደ 88 ይወርዳል። ከጉድጓድ ጋር ስንላተም የሚያድነን አየር 26 ሚሊ ሜትር ተቀነሰ። ቀላል ቸርኬ ገዝቶ ምቾቱን በኢንች መልሶ መሸጥ የሚሉት ይህን ነው። ምክሬ አጭር ነው፤ ፋብሪካው የሰጠውን ኢንች ይያዙ፣ ቢበዛ አንድ ይጨምሩ።

መግጠሙ የራሱ ጥበብ አለው። አብዛኞቹ ትናንሽ ቶዮታዎች አራት ቡሎን አላቸው፤ ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር ነው። የፊያት 98 ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር በዓይን አትታይም፤ በጉልበት ከተጠበቀ ቸርኬው የገባ ይመስላል፤ ዳዶዎቹ ግን ጠመም ብለው ነው የሚቀመጡት። እነዚያ ዳዶዎች ቀን ቆጥረው ይላላሉ። ሁለተኛው የመሐል ቀዳዳው ነው። የቪትዝ ሞዞ 54.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ለብዙ መኪና ተብሎ የሚሸጥ ቸርኬ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ 73.1 ነው። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ካልገባ ቸርኬው በትክክል መሐል ላይ አይቀመጥም፤ ባላንስ ማሽኑ ዜሮ ቢያሳይም መሪው በፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል።

ዳዶውም እንደ ቸርኬው ይለያያል። የብረቱ ቸርኬ ዳዶ ሾጣጣ ነው፤ አንዳንድ የቶዮታ ፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬዎች ደግሞ ዝርግ ቀለበት ያለውን ዳዶ ይፈልጋሉ። አንዱን በሌላው ቦታ ማሰር ቸርኬውን በቀጭን ክር ማንጠልጠል ነው። ከማሰሬ በፊት የሞዞውን ፊት ከዝገት በብረት ብሩሽ አጸዳለሁ፤ ትንሽ ዝገት ሥር ከቀረ ቸርኬው ዘንበል ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ መኪናው ክሪክ ላይ እያለ በእጅ፣ መሬት ሲነካ ደግሞ በቶርክ መፍቻ፣ በተራ ሳይሆን በትይዩ አጠብቃለሁ። ለትናንሽ ቶዮታዎች ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ ተመልሰው ዳዶው እንዲፈተሽ ደንበኞቼን እለምናለሁ። አሉሚኒየም ግፊት ሲበዛበት ትንሽ ስለሚጎደጉድ ዳዶው ሊላላ ይችላል።

ቸርኬው ምን ያህል ወደ ውጭ እንደሚወጣም መታየት አለበት። ከጀርባው ኢቲ 45 የተጻፈበት ወልቆ ኢቲ 35 ቢገባ ጎማው አሥር ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይገፋል። ውበቱን የሚወዱት አሉ፤ ነገር ግን ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ሸክም ይጨምራል፤ አራት ሰው ሲጫን ደግሞ ጎማው ፓራፋንጎውን ይልሳል።

የመጨረሻው ነገር ሕይወትን የሚመለከተው ነው። ቸርኬ ስንገዛ ጀርባውን እናገላብጥ። የጃፓን ሥራ ከሆነ ጄደብሊውኤል የሚል ምልክት ይኖረዋል፤ ከሌላ ወገን የተረጋገጠ ከሆነ ቪአይኤ የሚልም ይጨመራል። የሚችለው ጭነትም በኪሎ ይጻፋል፤ ያ ቁጥር የመኪናው ከባዱ አክስል ከሚሸከመው ግማሽ ማነስ የለበትም። ታዋቂ ቸርኬዎችን አስመስለው የሚሠሩ አሉ። የጃፓኑ ቸርኬ ሠሪ ሬይስ በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቲኢ37 ስሙን ያገኘው 3.7 ኪሎ ከሚመዝነው ባለ 15 ኢንቹ ነው። የእሱ መልክ ያለው ነገር ግን እጥፉን የሚመዝን ቢያጋጥም፣ ማን እንደሠራው ሚዛኑ ተናግሯል።

የተጣመመ የብረት ቸርኬ በመዶሻ ይቃናል፤ ጎሚስታው ሁሉ ያውቀዋል። አሉሚኒየም ግን እንደዚያ አይደለም። ለቸርኬ የሚሆነው አሉሚኒየም ከሲልከንና ከጥቂት ማግኒዚየም ጋር ተቀላቅሎ፣ በ540 ዲግሪ ገደማ ግሎ፣ በውኃ ቀዝቅዞ፣ እንደገና በዝቅተኛ ሙቀት ለሰዓታት ቆይቶ ነው ጥንካሬውን የሚያገኘው። እሳት ለኩሶ ማቃናት ይህን ሁሉ ያጠፋዋል። ብረት ሲግል ይቀላል፤ አሉሚኒየም ግን ሳይቀላ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ሙቀቱ ማለፉን ዓይን አያውቅም። የተሰነጠቀውን በብየዳ ደፍኖ መሸጥም ያው ነው። ስንጥቅ ያለበትን ቸርኬ እኔ አልገጥምም፤ ደንበኛው ቢቆጣም።

ታዲያ ማን ይቀይር? የያዘው ቸርኬ ከባድና የተጣመመ ከሆነ፣ ጎማውም ማለቁ ከሆነ፣ በአንድ ጊዜ መቀየሩ ያዋጣል፤ በያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ኪሎ ተኩል የሚቀንስ ካገኘ ይግዛ። አሞርዛተሩ ዘይት እያፈሰሰ፣ ጎማው እየተላጠ ገንዘቡን ለቸርኬ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ ግን «ልጄ፣ መጀመሪያ አሞርዛተሩን» ብዬ ወደ ሌላ ጋራዥ እሸኘዋለሁ። የላላ አሞርዛተር ቀላሉን ቸርኬም ከመሬት ላይ አያቆየውም። ያን ካስጨረሰ በኋላ ተመልሶ ይምጣ፤ ሚዛኑም እኔም አለን።