ከባድ ቃል ማን ይሸከመው?

መቼም በምረቃ ሰሞን ሆሳዕናን ያየ ሰው ከተማዋ ድንኳን ያበቀለች ሊመስለው ይችላል። ዱራሜም ያው ነው፤ ሾኔም፣ ሺንሺቾም፣ አንጋጫም ያው ነው። ልጅ ተመርቋል፣ በግ ታርዷል፣ አተካናው በቅቤ ርሶ ቀርቧል። ታዲያ ተበልቶ እጅ ሲታጠብ ማይክሮፎን ይነሳል። የተመራቂው ጓደኛ ብድግ ይልና እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል። "ማግናኒመስ" ይላል፤ "ኢንዶሚተብል" ይላል፤ "ሄንስፎርዝ" ይላል። ድንኳኑ በጭብጨባ ይናወጣል። ጥግ የተቀመጡት አባት ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው "ምን አለ?" ሲሉ መልሱ ምን ይሆናል መሰላችሁ? "እኔንጃ አባዬ፤ ግን ከባድ ነው!"

ከባድ ነው! በቃ፣ ምስጋናው ይኸው ነው። "እውነት ነው" አይባልም፤ "ልብ ይነካል" አይባልም። የተናጋሪው ችሎታ የሚለካው ስንት ሰው እንደገባው ሳይሆን ስንት ሰው እንዳልገባው ነው።

እኔ የምለው... ይኼ የከባድ ቃል ነገር የራሱ ሥርዓት እንዳለው ልብ ብላችኋል? መጀመሪያ ደብተር ይዘጋጃል። በግራ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺው። ቃሉ የሚለቀመው ከየትም ነው፤ ጠርዙ ከተበላ የዲከንስ ልብወለድ፣ ፎቶ ኮፒው ከደበዘዘ የሼክስፒር ድራማ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ከሞባይል። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ግዴታ አይደለም። ገጹ ይገለጣል፣ ዓይን እንደ ጭልፊት ያንዣብባል፣ ረዘም ያለ ቃል ሲታይ... ላፍ! "ሎኳሸስ፦ ለፍላፊ።" "ፐርኒሸስ፦ ጎጂ።" ታሪኩ ውስጥ ማን ተራበ፣ ማን አገባ፣ ማን ሞተ... ያ ትርፍ ነገር ነው። "ጥራዝ ነጠቅ" የሚለውን ስድብ ያወጣው ሰው ይህን ደብተር ሳያይ አልቀረም። አንዳንድ ትምህርት ቤትም ነገሩን ያግዘዋል። ጠዋት ባንዲራ ተሰቅሎ ሲያበቃ ሚኒ ሚዲያው "የዕለቱ ቃል" ብሎ አንድ ጥርስ የሚሰብር ቃል ያሰማል፤ ተማሪው ደብተሩ ላይ ያሰፍራል፤ ማታ ይሸመድዳል፤ በሳምንቱ ይረሳል።

ይህን የምለው በልጁ ለመሳቅ አይደለም። የሀዲያና የከምባታ ልጅ ከሌላው አብልጦ የቋንቋ ዳገት ይወጣል። እቤት ሀዲይኛ ወይም ከምባትኛ ነው። ገበያና ቢሮ አማርኛ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ፊደሉም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ሀዲይኛና ከምባትኛ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚያ "ኤክስ" የምንላት ፊደል "ጥ" ተብላ ትነበባለች። ያው ልጅ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲገልጥ ያችው ፊደል "ክስ" ሆና ትጠብቀዋለች። ይህን ሁሉ አልፎ ልብወለድ የሚያገላብጥ ልጅ ሊመሰገን እንጂ ሊሳቅበት አይገባም።

ግን ነገሩ የጉራ ብቻ ቢሆን ባላነሳሁት ነበር። ከኋላው ፈተና አለ። ባዮሎጂውም፣ ሒሳቡም፣ ጂኦግራፊውም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በመላ አገሪቱ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው እንግሊዝኛ ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ያልገባው ልጅ መልሱን ቢያውቅ ምን ይፈይድለታል? እዚህ አገር ደግሞ የወደቀ ልጅ ዓይኑ ወዴት እንደሚያማትር እናውቃለን። በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደውን መንገድ ከሆሳዕናና ከዱራሜ የበለጠ የሚያውቅ ከተማ ስንት አለ?

ታዲያ እዚያ ፈተና ክፍል ውስጥ ተማሪውን የሚጥለው "ሎኳሸስ" አይደለም። "አንለስ" ነው፤ "ካልሆነ በቀር" ማለት። "አልዞ" ነው፤ "ምንም እንኳ" ማለት። እነዚህ አጫጭር ቃላት ማንንም አያስጨበጭቡም። የዓረፍተ ነገሩን ፊት ወደ ኋላ የሚያዞሩት ግን እነሱ ናቸው። "ተክሉ ውኃ ካላገኘ በቀር" የሚለውን "ተክሉ ውኃ ካገኘ" ብሎ ያነበበ ልጅ፣ ደብተሩ ላይ አምስት መቶ ከባድ ቃል ቢኖረውም ጥያቄው አምልጦታል።

ቁጥር ከወደዳችሁ ቁጥር አለ። ፖል ኔሽን የተባለው የኒውዚላንድ የቋንቋ ምሁር በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ አንድ ሰው የእንግሊዝኛ ልብወለድን ያለ ረዳት አንብቦ እንዲረዳ ከ100 ቃል 98ቱን ማወቅ አለበት ይላል። ለዚህም ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰቦች ያስፈልጋሉ። "ሄደ፣ ትሄዳለች፣ መሄድ" እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጠራል ማለት ነው። ይህን በቀን 5 ቃል እየሸመደድን እንሙላው ብንል፣ አንዱንም ሳንረሳ፣ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅብናል። ያውም በትክክለኛው ቅደም ተከተል ከተጀመረ። ማይክል ዌስት የተባለ እንግሊዛዊ መምህር ይህ ነገር ቀድሞ ገብቶት ነበር። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ቤንጋል ውስጥ ሲያስተምር፣ ቃላቸው ተመጥኖ የቀለሉ የንባብ መጻሕፍት አዘጋጀ። በ1953 ደግሞ ወደ 2,000 የሚጠጉ፣ ከሁሉ በላይ የሚያገለግሉ ቃላትን ዝርዝር አሳተመ። መሠረቱን ከታች መጣል ማለት ይኼ ነው። የኛ ልጆች ግን ቤቱን ከጣሪያው ጀምረውታል። ጣሪያው ያብረቀርቃል፣ ግድግዳ ግን የለም።

አሁን ደግሞ ወደ ዲከንስ ልመለስ፤ ምክንያቱም ደብተሩ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘረፈው እሱ ነው። ዲከንስ ማን ነበር? አባቱ በዕዳ ሲታሰሩ በ12 ዓመቱ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ገብቶ የሠራ ልጅ ነው። በኋላ የጋዜጣ ዘጋቢ ሆነ። ኦሊቨር ትዊስትን ከ1837 እስከ 1839 እ.ኤ.አ. በየወሩ በመጽሔት እየቆራረጠ ነው ያወጣው። ማንበብ የማይችለው ድሃ እንኳ ሰው እያነበበለት ይከታተለው ነበር። እና ዛሬ "ከባድ" የምንላቸው ብዙዎቹ ቃላት በጊዜው ለሰፈሩ ሰው እንግዳ አልነበሩም። እኛ ዘንድ የከበዱት ከዘመንና ከባሕር ማዶ ስለመጡ ነው።

ከዚህ የባሰው ቀልድ ደግሞ ይኼውላችሁ። "ዴቪድ ኮፐርፊልድ" ውስጥ ሚስተር ሚካውበር የሚባል ሰው አለ። ዕዳ አናቱ ላይ ወጥቷል፣ ኪሱ ባዶ ነው፤ አፉ ግን በከባድ ቃል የተሞላ ነው። ረጅምና ጥምዝምዝ ያለ ንግግር ይጀምርና መውጫው ሲጠፋው "በአጭሩ..." ብሎ ነገሩን በተራ ቃል ይደመድማል። ዲከንስ ይህን ሰው የፈጠረው በከባድ ቃል የሚኩራራውን እንድንስቅበት ነው። የኛ ልጅ ታሪኩን ዘሎ ቃሉን ብቻ ስለለቀመ፣ ለመሳቂያ የተጻፈውን ለመከበሪያ ይዞት ይወጣል። ማስጠንቀቂያው እዚያው ገጽ ላይ ነበር፤ አላነበበውም።

ቃልን ከታሪኩ መንቀል ፍቺውንም ይገድለዋል። እዚያው ኦሊቨር ትዊስት ውስጥ "ግሩዌል" የምትል ቃል አለች። ደብተሩ ላይ "አጥሚት" ተብላ ትሰፍራለች። ልክ ናት? በመዝገበ ቃላት ሕግ ልክ ናት። ግን አጥሚት ለኛ ምንድን ነው? የአራስ ጥሪ ነው። ቅቤው ነው፣ የእናት ደግነት ነው። በዲከንስ መጽሐፍ ውስጥ ግን ያቺ ቀጭን ነገር የረሃብ ስም ናት። በድሆች መጠለያ ውስጥ ለሕፃናቱ ተለክታ የምትሰጥ፣ ኦሊቨር ጨምሩልኝ ስላለ እንደ ወንጀለኛ የታየባት ናት። ያን ገጽ ያነበበ ልጅ ቃሏን መሸምደድ አያስፈልገውም፤ ሆዱ ያስታውሰዋል። በነገራችን ላይ "ግሩዌል"ን በንግግሩ ውስጥ እንዲያስገባት ማንም አይጠይቀውም። ሲያነብ ካወቃት ይበቃል። አይቶ የሚያውቁት ቃልና አውጥቶ የሚናገሩት ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ደብተሩ ይህን ልዩነት አይነግርም።

ደግሞስ በአንድ ነገር ሁለትና ሦስት ቃል ማወቅ ለዚህ አገር አዲስ ነገር ነው እንዴ? አያቶቻችሁን ጠይቁ። በከምባታም በሀዲያም "ባሊሻ" የሚባል ልማድ አለ። ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስማቸውን ብቻም አይደለም፤ በስማቸው መነሻ ድምፅ የሚጀምሩ ሌሎች ቃላትንም ትሸሻለች። ከብቱም፣ ዕቃውም፣ እህሉም በዚያ ድምፅ ከጀመረ በምትኩ ሌላ ቃል ማግኘት አለባት። ያውም ከምጣድ አጠገብ ቆማ፣ ሳታስብ፣ ሳትደናቀፍ። ልማዱ አሁን አሁን እየሳሳ ነው፤ ሸክሙን ሴቷ ላይ ብቻ መጣሉም ሌላ ቀን የሚያነጋግር ነው። ነገር ግን ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ምን ያህል የቃል ባለጠጋ እንደነበሩ አስቡት። እኛ ፈተና ላይ "ተመሳሳይ ቃል" ብለን የምንሰቃይበትን እነሱ ማጀት ውስጥ ይኖሩት ነበር። ልዩነቱ ምንድን ነው? እነሱ ሌላውን ቃል የሚመርጡት ሰሚውን ለማክበር ነው። ባለደብተሩ የሚመርጠው ሰሚውን ለማስደንገጥ ነው።

የመደንገጡ ዋጋ ደግሞ በኋላ ይከፈላል። ሥራ ፈላጊው ማመልከቻውን በ"ማግናኒመስ" ሞልቶ ሲልክ፣ የሚያነበው ሰው ማወቅ የሚፈልገው ምን ተማርክ፣ ምን ትችላለህ የሚለውን ነው። ደቡብ አፍሪካ ደርሶ ሱቅ የከፈተውም ልጅ ቢሆን፣ ዋጋ የሚነጋገረው፣ ዱቤ የሚጠይቀው፣ ሲታመም ሕመሙን የሚያስረዳው በተራ ቃል ነው። በጭንቅ ጊዜ የሚያድነው ቀላሉ ነው።

እንግዲህ የድሮ መጻሕፍት አይነበቡ ነው የምትለው? አይደለም! እንዲያውም ይነበቡ፤ ግን ይነበቡ። በደንብ ያነበቡትን ሰዎች ተመልከቱ። ከሆሳዕና ብዙ ሳይርቅ፣ ጉራጌ ምድር ተወልዶ ያደገው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የዲከንስን የሁለት ከተሞች ታሪክ ወደ አማርኛ መልሷል። እሱ ራሱ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ግን ምን አደረገ? በ1969 እ.ኤ.አ. የታተመው "ዘ አፈርሳታ" አንድ የገጠር ሰው ጎጆው ተቃጥሎበት አገሬው ተሰብስቦ አጥፊውን ሲያፈላልግ የሚያሳይ አጭር መጽሐፍ ነው፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ጥርት ያለ ነው። ዲከንስን ቃል በቃል የሚያውቅ ሰው ማንንም ማስደንገጥ አላስፈለገውም። ነቢይ መኮንንም በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚቼልን ትልቅ ልብወለድ "ነገም ሌላ ቀን ነው" ብሎ ወደ አማርኛ የመለሰው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። ተርጓሚ የሚያምረውን ቃል ብቻ ለቅሞ መሄድ አይችልም። እያንዳንዱን ቃል "ይኼ በኛ ቤት ምን ይባላል?" ብሎ መጠየቅ አለበት። ትንሹ ልዑልም በ2018 እ.ኤ.አ. በከምባትኛ ታትሟል፤ የቋንቋው ባለቤት የሆነ ሰው ከይቮን ትራይስ ከተባለች የቋንቋ ተመራማሪ ጋር ተርጉሞት። የዓለም ድንቅ መጽሐፍ ከምባትኛ ሲናገር ካልከበደው፣ እኛ ምን አስከበደን?

እና ለመምህራን አንድ ልመና አለኝ። "የዕለቱ ቃል" ይቅር። በምትኩ ጠዋት ጠዋት ሚኒ ሚዲያው የአንድ አጭር መጽሐፍ አንዲት ገጽ ብቻ ያንብብ፤ ነገ ቀጣዩን፣ ከነገ ወዲያ የሚቀጥለውን። "ዘ አፈርሳታ" ከሆነ ዓመቱ ሳያልቅ ያልቃል። አስቸጋሪ ቃል ሲመጣ መምህሩ በአማርኛም፣ በሀዲይኛም፣ በከምባትኛም ያፍታታው። ቤተ መጻሕፍት ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ መጽሐፉን ከመስታወቱ ጀርባ አውጥቶ ለልጁ ያውሰው፤ ቢቀደድም ተነቦ ይቀደድ።

ያኔ ተማሪው ሰልፉ ላይ ቆሞ "ከባድ ነው" አይልም። ጎጆውን ማን እንዳቃጠለው ለማወቅ ቸኩሎ "ከዚያስ?" ይላል።