«ጨዋውማ ጆ ነው»፦ ሕፃናት በዴቪድ ሊን ፊልም ላይ የሰጡት ፍርድ

ከልቦለድ የተቀዳ ፊልም የሚገመግም ሃያሲ አብዛኛውን ጊዜ አንድ እጁን መጽሐፉ ላይ አድርጎ ነው የሚመለከተው። ምን እንደተቀነሰና ምን እንደተጨመረ ይቈጥራል። ልቦለዱን ያላነበበ ሕፃን ግን የሚያመሳክረው ነገር ስለሌለው የሚፈርደው በቀረበለት ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ፍርድ ፊልሙ ከልቦለዱ የቱን ይዞ የቱን እንደጣለ የሚጠቁም ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት ይሞክራል። ለዚህም ዴቪድ ሊን የቻርልስ ዲከንስን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1946 የሠራውን ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመት የሆናቸው የዘመድና የጎረቤት ልጆች አይተው ከተናገሩት ጋር አያይዤ እመለከታለሁ። ልጆቹ ጥቂት ናቸው፤ ንግግሩንም በየመካከሉ ወደ አማርኛ የመለስሁላቸው እኔ ነኝ። ይህ ትርጉም፣ ኋላ እንደሚታየው፣ ያልታሰበ ፍሬ አፍርቷል።

የቀለም አለመኖር መጀመሪያ ላይ ትንሽ አንሾካሾካቸው። ሕፃኑ ፒፕ በረግረጉ ዳር፣ በስቅላት እንጨቶቹ አጠገብ እየሮጠ ወደ መካነ መቃብሩ ከደረሰ በኋላ ግን ስለ ቀለም ያነሣ አልነበረም። ጥያቄያቸው «መሽቷል ወይስ ሊነጋ ነው?» የሚል ሆነ። ጥያቄው ከልቦለዱ ጋር የሚገጥም ነው፤ ዲከንስም ትዕይንቱን ያስቀመጠው ቀኑ ወደ ማታ ባዘነበለበት፣ ፒፕ በዙሪያው ያለውን ዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ በሚያውቅበት ሰዓት ላይ ነው። ጋይ ግሪን በዚህ ፊልም የካሜራ ሥራ ኦስካር መሸለሙ የሚያስገርም አይደለም።

በልቦለዱ መጀመሪያ የሚሰማው የወንጀለኛው ድምፅ ነው፤ ሰውየው ከመቃብሮቹ መካከል የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። በፊልሙ ግን ፒፕ ሊሸሽ ዞር ሲል ከማግዊች አካል ጋር ይላተማል። ልጆቹ በአንድነት ጮኹ። ፒፕ ምግብ ሰርቆ በጉም ውስጥ ሲሮጥ ከብቶቹ «ሌባ» እያሉ ሲናገሩት ደግሞ ሳቁ፤ ሆኖም ከብት እንዴት ይናገራል ብሎ የጠየቀ የለም። በ«ተረት ተረት፣ የላም በረት» ላደገ ልጅ የምትናገር ላም እንግዳ አይደለችም። ከብቶቹ የፒፕ ኅሊና ድምፅ መሆናቸውንም ማንም ሳይነግራቸው አውቀዋል፤ አንዱ «ስለሰረቀ ነው የመሰለው» ብሏል። በዚህ የመጀመሪያ ክፍል ሊን ለተራኪው ውስጣዊ ንግግር ነፋስን፣ ቅርንጫፍንና እንስሳን አካል አድርጎ ሰጥቶታል። ከፊልሙ ሁሉ የላቀው ክፍል ይህ ነው ብል የተጋነነ አይሆንም።

ፒፕና ኤስቴላ ሲያድጉ ቅሬታው ጀመረ። «ቀየሯቸው!» አሉ። ጆን ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1908 የተወለደ በመሆኑ፣ ሃያ ዓመት አለፍ ያለውን ፒፕ ሲጫወት ወደ አርባው ተቃርቦ ነበር። ጂን ሲመንስ ለቫለሪ ሆብሰን ቦታዋን ስትለቅም አንዲት ልጅ «የምታስፈራው ትንሿ ነበረች» ብላለች። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ከሁሉ የከበደው ፍርድ የመጣው ጆ ጋርጀሪ፣ ፒፕን ያሳደገው ቀጥቃጭ፣ ሊጠይቀው ለንደን በመጣበት ትዕይንት ላይ ነው። የጆ ኮፍያ እየወደቀ ሲያስቸግረው ያስቃል ተብሎ የተሠራ ነው፤ ልጆቹ ግን አልሳቁም። ወዲያው የፒፕ ድምፅ ይሰማና «ጀንትልማን» ለመሆን ሲጣጣር ሰው ናቂ መሆኑን ይናገራል። «ጀንትልማን» የሚለውን «ጨዋ» ብዬ መለስሁት። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሆነች አንዷ ወዲያው አረመችኝ፦ «ጨዋውማ ጆ ነው!»

እንደሚታወቀው «የጨዋ ልጅ» ስንል ዘርን፣ «ጨዋ ሰው» ስንል ጠባይን እንጠራለን። በቤተ ክህነት ሰዎች አነጋገር ደግሞ ጨዋ ማለት ያልተማረ ማለት ነው፤ ጆም ከስሙ ፊደላት ብዙም የማያልፍ ሰው መሆኑን ስናስታውስ ይህ ሦስተኛ ፍቺ እንኳ ሳይቀር ይስማማዋል። ልቦለዱ የሚያከራክረው በሁለቱ ፍቺዎች መካከል ነው። ኸርበርት ፖኬት ገና ለንደን በደረሱ ሰሞን ለፒፕ የሚነግረው የአባቱ አስተሳሰብ፣ በልቡ ጨዋ ያልሆነ በአኳኋኑም ጨዋ ሊሆን አይችልም የሚል ነው። ፒፕ ይህን ለመረዳት መላ ወጣትነቱን ፈጀ። ልጅቷ የደረሰችበት በአንዲት ቃል ነው፤ ቃሉን አማርኛ አቀበላት እንጂ ፊልሙ አይደለም።

አንድ ወንድ ልጅ ደግሞ «በአፉ ብቻ ነው፤ መቼ ተከተለው?» አለ። እዚህ ላይ ልቦለዱን መክፈት ግድ ይሆናል። ተራኪው ጆ ከመምጣቱ በፊት፣ ገንዘብ ከፍሎ ሊያስቀረው ቢችል ኖሮ ይከፍል እንደነበር ይናዘዛል። ጆ ከሄደ በኋላም ልቡ ሲመለስለት ወጥቶ በአቅራቢያው መንገዶች ይፈልገዋል፤ አያገኘውም። በአንደኛ መደብ የሚተርከው ሰው ዕድሜው የገፋ፣ በራሱ ያፈረ ሰው ስለሆነ በየዐረፍተ ነገሩ ሁለት ፒፖች አሉ፤ አንዱ ያጠፋል፣ ሌላው ይፈርድበታል። ፊልሙ ሁለተኛውን ፒፕ አልፎ አልፎ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ወስኖታል። ስለዚህ ልጆቹ ጥፋተኛውን አዩ፤ ፈራጁን ግን ስላላገኙት ወንበሩ ላይ እነርሱ ተቀመጡ። በፒፕ ላይ ከዲከንስ አንባቢ ይልቅ የጨከኑት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሊን ለከብቶቹ ያገኘላቸውን ብልሃት ለለንደኑ ኀፍረት አላገኘለትም።

ፍጻሜው ሌላ ጉዳይ ነው። ዲከንስ መጀመሪያ የጻፈው መለያየትን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1861 በቡልወር ሊተን ምክር ለውጦታል። በታተመውም ቢሆን የሚስ ሃቪሻም ቤት ፈርሶ ሁለቱ የሚገናኙት በባዶው ግቢ ነው። ፊልሙ ሦስተኛ ፍጻሜ ፈጠረ፦ ቤቱ አልፈረሰም፤ ኤስቴላ በአሳዳጊዋ ወንበር ተቀምጣለች፤ ፒፕ መጋረጃውን ቀድዶ ብርሃን ያስገባል። ትንንሾቹ አጨበጨቡ። «ጨዋውማ ጆ ነው» ያለችው ልጅ ግን «አሮጊቷ የሆነችውን አይታ የለም እንዴ? ለምን እዚያው ተቀመጠች?» አለች። ከፊልሙ ውስጥ የምሰጣት መልስ አላገኘሁም። የልቦለዱ ኤስቴላ መከራ ራሱ አስተምሯት የመጣች ሴት ናት፤ የፊልሟ ግን ዕውቀቷን ከፒፕ እጅ ትጠብቃለች።

የመጨረሻው ጥያቄ «ጆስ የት ሄደ?» የሚል ነበር። በልቦለዱ የመጨረሻ ምዕራፍ ፒፕ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ሲመለስ በመጀመሪያ የሚደርሰው ጆ ቤት ነው፤ ጆ በድሮ ቦታው ፒፓውን ያጨሳል፣ በእሳቱ ዳር በፒፕ የልጅነት በርጩማ ላይም ፒፕ ተብሎ የተሰየመ ሕፃን ተቀምጧል። ሊን ይህን ትቶ በቀጥታ ወደ መጋረጃው ሄዷል።