ጣሪያውና መሠረቱ፦ በሲድኒ ኦፔራ ሃውስ የአርክቴክቱና የመሐንዲሱ ሥራ

ስለ ሲድኒ ኦፔራ ሃውስ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ታሪክ ሁለት ባለድርሻዎች አሉት፤ ያለመው አርክቴክትና ሕልሙን ያሰላለት መሐንዲስ። ይህ አተራረክ ለሁለቱም ሙያ አይበጅም። አርክቴክቱን ከክብደት ጣጣ ነጻ ያወጣዋል፣ መሐንዲሱን ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛ ያደርገዋል። የግንባታው ሂደት የሚመሰክረው ሌላ ነው፦ ጣሪያው የተገኘው ሁለቱ ወገኖች «ይህ ነገር በምን ዓይነት እጅ፣ በምን ቅደም ተከተል ይሠራል?» ብለው አብረው ሲጠይቁ ነው።

ዴንማርካዊው ዮርን ኡትዞን እ.ኤ.አ. በ1957 ውድድሩን ያሸነፈበት ንድፍ በነጻ እጅ የተሣለ ነበር። የዛጎል መሰል ጣሪያዎቹ ጉብጠት ለየትኛውም የጂኦሜትሪ ሕግ አይገዛም። ለንደን ላይ ሥራውን የተረከቡት የኦቭ አሩፕ መሐንዲሶች ፓራቦላውንም ኤሊፕሱንም ሞከሩ። ችግሩ ግን ከስሌት ያለፈ ነበር፤ እያንዳንዱ የአርማታ ክፍል ከጎረቤቱ ከተለየ እያንዳንዱ የራሱን ፎርምወርክ (አርማታ የሚሞላበትን ቅርጽ) ይፈልጋል፤ ያን ወጪ ደግሞ የሚችለው የለም።

በ1961 ኡትዞን ሁሉም ጣሪያዎች 75 ሜትር ራዲየስ ካለው አንድ ሉል እንዲቆረጡ ወሰነ። የሉል ገጽ የትም ቦታ ጉብጠቱ አንድ ነው፤ ስለዚህ አንድ ፎርምወርክ ደጋግሞ ያገለግላል። ቀጭን ቅርፊት ይሆናል የተባለው ጣሪያ በጎድን አጥንት ተተካ። ክፍሎቹ ግንባታው ቦታ ላይ ተመርተው በክሬን ተነሡ፣ በኢፖክሲ ተጣበቁ፣ በተወጠረ የብረት ገመድ ተሳሰሩ። ጣሪያውን የሚሸፍኑት ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሸክላዎች እንኳ ከፍታ ላይ አንድ በአንድ አልተለጠፉም፤ መሬት ላይ በሰሌዳ ተዘጋጅተው ወጡ።

የመጀመሪያው ንድፍ ዝቅ ብሎ የመንሳፈፍ ውበት በዚህ ለውጥ ጠፋ ብለው የሚቆጩ ሃያስያን አሉ። እኔ አልቆጭም። ዛሬ ፎየው ውስጥ ቆሞ ሽቅብ ያየ ሰው ከአንድ እግር ተነሥተው እንደ ማራገቢያ የሚዘረጉትን ጎድን አጥንቶች ያለ ልስን፣ ያለ ኮርኒስ ያገኛቸዋል። ሸክም ተሸካሚውና ለዓይን የሚያምረው አንድ ነገር ናቸው። ይህን ቅርጽ አርክቴክቱ ብቻውን ሊሥለው፣ መሐንዲሱም ብቻውን ሊያሰላው አይችልም ነበር።

ዋጋው ግን ከታች ተከፈለ። የኒው ሳውዝ ዌልስ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆ ካሂል ተተኪ መንግሥት ፕሮጀክቱን እንዳይሰርዘው ሰግተው ስለነበር ሕንጻው የሚያርፍበት መሠረት ግንባታ ጣሪያው ሳይወሰን በ1959 ተጀመረ። ጎድን አጥንቶቹ ከታሰበው በላይ ከበዱ፤ ቀድመው የተሞሉት ኮለኖች ስለማይችሏቸው ፈርሰው ጠንክረው ተሠሩ። ስህተቱን በመሐንዲሱ ወይም በአርክቴክቱ ላይ መለጠፍ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የተሳሳተው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። የእኛም አገር ባለሙያ ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ንድፉ ካለቀ፣ ባለቤቱም ከወደደው በኋላ «አስላልኝ» የተባለ የስትራክቸር መሐንዲስ አዳራሹ መሐል ኮለን ሲያቆም ጠቡ የሚነሣው ያኔ ነው።

የውስጥ አዳራሾቹ ጣሪያው ያገኘውን የጋራ ሥራ ዕድል አላገኙም። ኡትዞን ኮርኒሳቸውን ከፕላይውድ ሊሠራ አሰበ፤ መሐንዲሶቹ ተጠራጠሩ፤ ጥርጣሬያቸው በጋራ ጠረጴዛ ላይ ሳይፈታ የግዛቱ የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትር ዴቪስ ሂዩዝ ዘንድ ደረሰ። ክፍያ ሲያዝበት ኡትዞን በየካቲት 1966 ሥራውን ለቀቀ፤ የአሩፕ መሐንዲሶች ግን ሥራው ላይ ቆዩ። በመቆየታቸው አልወቅሳቸውም፤ ግማሹ ለቆመ ሕንጻ ኃላፊነት ነበረባቸው። የምወቅሰው በጣሪያው ላይ ያደረጉትን በአዳራሹ ላይ አለመድገማቸውን ነው፤ ይህ ወቀሳ ኡትዞንንም ይነካል።

ከዚያ በኋላ ትልቁ አዳራሽ ለኮንሰርት ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ ተገጥሞ የነበረው የመድረክ ማሽን ተነቀለ፤ ኦፔራው ወደ ትንሹ አዳራሽ ተዛወረ። ሕንጻው በ1973 ሲመረቅ የኦፔራ ኦርኬስትራው የደረሰው ከመድረኩ ሥር ያለ ጠባብ ጉድጓድ ነበር።