ጭምብል ወይስ ገጸ ባሕርይ? እንስሳት በተረታችንና በመድረካችን

የዘመናዊው የኢትዮጵያ ተውኔት ታሪክ በአራዊት ይጀምራል። በሩሲያ ተምረው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ለአዲስ አበባ መድረክ ያበቁት ሥራ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ይሰኛል። ደራሲው የፈረንሳዊውን የላፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መነሻ አድርገው የዘመናቸውን የአስተዳደር ብልሹነት በአራዊት አንደበት አስነገሩ። የተነኩት ሰዎች ግን ጭምብሉን ገልጠው ፊቱን ለማየት አልተቸገሩም፤ ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት ታገደ። አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ የወጣውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት፣ ማለትም የ1923ቱን፣ ያረቀቁት እኒሁ ሰው መሆናቸው ዘወትር ይገርመኛል፤ በአውሬ አፍ እንዳይናገሩት የተከለከሉትን የአስተዳደር ጉዳይ በአንቀጽ ከፋፍለው ጻፉት።

ከዚያ ወዲህ እንስሳው ከሥነ ጽሑፋችን ተለይቶ አያውቅም። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በትምህርት ቤት ላደገው ትውልድ የግጥምም የምግባርም መማሪያ ነበር። ከመጻሕፍቱም አስቀድሞ በየምድጃው ዳር የሚነገረው ተረት ሚናውን አከፋፍሎ ጨርሷል፤ ጅብ ሆዳም፣ አህያ ሞኝ፣ ጦጣ ብልጥ፣ አንበሳ ንጉሥ። ደራሲው ብዕሩን ሲያነሣ ተዋንያኑ ልብሳቸውን ለብሰው ይጠብቁታል። እሾህ የወጋት ዝንጀሮ «ከየት እንጀምርልሽ?» ብትባል «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ይባላል። ስለ ሥራ ቅደም ተከተል ከዚህ አጥርቶ የተናገረ ሪፖርት አላነበብሁም፤ ይሁን እንጂ አስተሳሰቡም ንግግሩም የሰው ነው። ዝንጀሮዋ ያዋሰችን መቀመጫዋን ብቻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማንሣት የምሻው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ እንስሳው በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ራሱን ችሎ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ያውቃል ወይ? ወይስ ምንጊዜም የሰው ፊት መሸፈኛ ጭምብል ነው? ጥያቄው የቅርጽ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ወደ ይዘት ይገባል። ሌላውን ከመሄስ በፊት ግለ ሂስ ማድረግ ተገቢ በመሆኑ ከራሴ እጀምራለሁ።

ከሶዶ ወደ ቢላቴ ሸለቆ ሲወረድ በምትገኘው፣ በዱጉና ፋንጎ ወረዳ በዲምቱ፣ አንድ አጭር ተውኔቴ በአማተር ተዋንያን ታይቶ ነበር። ዋናው ሰው፣ ሰው ከተባለ፣ ዳኛ የሆነ ዝንጀሮ ነው። ከረባት አስሮ በወንበር ይቀመጣል፤ ሙዝ በጉቦ ይቀበላል፤ የድሀዋን ጦጣ አቤቱታ ሳይሰማ ይፈርዳል። ተመልካቹ ሳቀ፤ እኔም በሳቁ ረካሁ። ተውኔቱን ስጽፍ በልቤ ይዤው የነበረው ሰው፣ ስሙንም ሥራውንም እዚህ አላነሣም፣ በዕለቱ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው እሱ ነው።

ትርኢቱ እንዳበቃ በበቆሎ እርሻ የሚተዳደሩ አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው በወላይትኛ ተናገሩ፤ አብሮኝ የነበረ መምህር ተረጎመልኝ። «ልጄ፣ ዝንጀሮ ጉቦ አይበላም፤ ይሰርቃል እንጂ። ሲሰርቅም ጠባቂውን ለይቶ ነው። እኔ ዱላ ይዤ ስወጣ ይሸሻል፤ ባለቤቴ ስትወጣ ቆሞ ያያታል፤ ልጁ ሲወጣማ ከነጭራሹ አይነሣም። አንተ ያመጣኸው ዝንጀሮ ሰው ነው። ሰው ከሆነ ደግሞ ለምን በስሙ አልጠራኸውም?»

መልስ አልነበረኝም። ከአጠገባቸው የቆመው፣ ማለዳ ማሳ ጠብቆ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ ግን ማንም ሳይጠይቀው የእውነተኛውን ዝንጀሮ አኳኋን ያሳየን ጀመር። ከረባት የለው፣ ጭምብል የለው። ቁጢጥ አለ፤ ፊቱን ወደ ሰማይ አቀና፤ ክንዱን ቀስ ብሎ አከከ፤ በአካባቢው የሚሆነው ሁሉ የማይመለከተው መሰለ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ግራ እጁ የሌለውን በቆሎ ሰብሮ ጨርሷል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ካለማመድነው ተዋናይ ይህ ልጅ ይልቅ ነበር፤ ምክንያቱም ተዋናያችን ያጠናው እኔን ሲሆን ልጁ ያጠናው ዝንጀሮውን ነው።

ከዲምቱ መልስ ስለ ዝንጀሮ የተጻፈ ነገር መፈለግ ያዝሁ። ያገኘሁት ዋነኛው ጥናት የተካሄደውም እዚሁ አገራችን ውስጥ፣ በድሬዳዋ አካባቢ በኤረር ጎታ ነው። ስዊሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ሐንስ ኩመር ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1960 እና በ1961 ከባለ ጎፈሮቹ የበረሃ ዝንጀሮዎች መንጋ ሳይለይ ውሎውን መዘገበ። እነዚህ ከቢላቴዎቹ በዝርያ ይለያሉ፤ ሌሊቱን በገደል ላይ ያድራሉ። ማለዳ ወዴት እንደሚሰማሩ ወዲያው አይወስኑም። አንዱ ወንድ ወደ አንድ አቅጣጫ ጥቂት ተራምዶ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ወይ ይጠጉታል፣ ወይ ባሉበት ይቀራሉ፤ እሱም ይመለሳል፤ ሌላው በሌላ በኩል ይሞክራል። ኩመር እንዳስተዋለው አብዛኛውን ጊዜ አቅጣጫ የሚያቀርበው ወጣቱ ሲሆን የሚወስነው ያረጀው ነው። ካድሬ አንባቢዎቼ ይህን የሚያውቁት ስብሰባ መስሏቸው ፈገግ ሳይሉ እንደማይቀሩ እገምታለሁ።

ከዚህ ይልቅ እኔን የያዘኝ ኩመርና ባልደረቦቹ ከዓመታት በኋላ ያደረጉት ሙከራ ነው። አንድ ወንድ ዝንጀሮ፣ ሌላ ወንድ ከአንዲት ሴት ጋር መጣመሩን ለአጭር ጊዜ እንዲመለከት ተደረገ። ከዚያ ወደ እነሱ ቢለቀቅ ሊነጥቅ አልቃጣም። ፊቱን አዞረ፤ ሰማይ ሰማይ አየ፤ ከመሬት ጠጠር ይነካካ ጀመር። የዲምቱው ልጅ ያሳየን ሰማይ ማየት እዚህ ተመዝግቦ ሳገኘው መጽሐፉን ከድኜ ተነሣሁ። ምክንያቱ ይለያይ ይሆናል፤ አንዱ ሊሰርቅ ነው፣ ሌላው ላለመጣላት። አካሉ ግን ያንኑ ቋንቋ ይናገራል።

ሌላም አለ። አንዲት ሴት ዝንጀሮ እንደተቀመጠች ቀስ በቀስ ወደ አንድ ዝቅተኛ ቋጥኝ ትጠጋለች። ሁለት ሜትር ያህል ለመሄድ ሃያ ደቂቃ ፈጀባት። ከቋጥኙ ጀርባ ገና ያልጎለመሰ ወንድ አለ፤ ጠጉሩን ታበጥርለት ጀመር። ይህን የቡድኑ አለቃ ቢያይ አይታገሥም። አለቃው ካለበት ሆኖ ጀርባዋን ያያል፤ እጆቿንና ወጣቱን ግን ቋጥኙ ጋርዷቸዋል። መድረክ የሚያዘጋጅ ሁሉ ይህን ትዕይንት ሊማርበት ይገባል። እኛ ብንሆን «ተንኰለኛዋ ዝንጀሮ ሴራ አሰበች» ብለን በአንድ ዓረፍተ ነገር እናበላሸው ነበር። ተመራማሪው የጻፈው ርቀቱን፣ ጊዜውንና የቋጥኙን ከፍታ ነው፤ ስለ ሐሳቧ አልፈረደም። ለዚህም ነው ትዕይንቱ ሕይወት ያለው።

በተቃራኒው በኩልም አደጋ አለ። በርሊን ውስጥ ሐንስ የተባለ ፈረስ ደምር፣ ቀንስ ሲሉት በኮቴው መሬት እየመታ ይመልስ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1904 ዝናው ገነነ። ኦስካር ፕፉንግስት ጉዳዩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1907 ባወጣው ጥናት ፈረሱ ሒሳብ እንደማያውቅ አረጋገጠ፤ ቁጥሩ መልሱ ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው የሚያደርጋትን ጥቂት የራስ እንቅስቃሴ አይቶ ነበር የሚያቆመው። ብዙዎች ይህን የፈረሱ ሽንፈት አድርገው ይተርኩታል። እኔ እንዲያ አላየውም። ሒሳብ ባያውቅ ተመልካቹን ያነብ ነበር፤ ይህን የሚችል ስንት ተዋናይ አለን? አዛውንቱ ስለ ዝንጀሮውና ስለ ጠባቂው የነገሩኝ ከዚህ የራቀ አይደለም። ስሕተቱ የእኛ ነው፤ የእንስሳውን ብልኅነት በራሳችን ቁና ካልሰፈርነው ያለ አይመስለንም።

በመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል እየተዘዋወረ አይጥ ሲያድን፣ ከመቶ ሙከራው 67 ያህሉ እንደሚሳካለትና ብቻውን ሲሆን ግን 25 ብቻ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ገልጿል። ጭላዳው አይሸሸውም፤ ቀበሮውም የጭላዳውን ግልገል አይነካም። በትግራይ ደግሞ በሁዳዴ ጾም የእርድ ትራፊ ሲጠፋ ጅቡ አህያ መብላቱ ከእጥፍ በላይ እንደሚጨምር ከኩሱ ውስጥ በተለየ ጠጉር ተረጋግጧል። «ሆዳም» ብለን ያሰናበትነው ፍጡር የእኛን የጾምና የፍስክ ወራት ተከትሎ ኑሮውን ያስተካክላል። ከእነዚህ ከሁለቱ አንድም ተረት አልወጣልንም፤ እንዲወጣም ሳንፈልግ የቀረን ይመስለኛል።

ከእኔ የሚቀድሙት አንባብያን በውይይት ክበብ ያነበቡት፣ ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1876 ሥራ ሰውን ሰው በማድረግ ረገድ ስላለው ድርሻ የጻፈው ጽሑፍ እንስሳት አስበውና አቅደው መሥራት መቻላቸውን አይክድም። ልዩነቱን የሚያየው ሌላ ቦታ ነው፤ እንስሳው ተፈጥሮን ባለችበት ይጠቀምባታል፣ ሰው በሥራው ለዓላማው ያስገዛታል። ይህን ልዩነት የሚቀበል ሰው የሰውን ጥፋትም ለሰው መተው ይኖርበታል። እኛ ግን ሰው ሰውን ሲያሰቃይ «አውሬነት» ብለን እንሰይመዋለን። የኤረር ጎታው ወንድ የዋህ ነው ማለቴ አይደለም፤ የራቀችበትን ሴት አንገቷን ነክሶ ይመልሳል። ነገር ግን ፋይል አይደብቅም፣ የሐሰት ምስክር አያቆምም፣ ቀጠሮ አያመላልስም። ከረባት ያሰርሁለት ዝንጀሮ ያደረገው ሁሉ ዝንጀሮ የማያደርገው ነበር።

ጭምብል አያስፈልግም አልልም። ተክለ ሐዋርያት አስፈልጓቸዋል፤ ጭምብሉም አላዳናቸውም። የእሳቸው አውሬዎች ባለቤቶቻቸውን ስላስቆጡ ታገዱ፤ የእኔው ዝንጀሮ ባለቤቱን አስቆ ወደ ቤቱ ሸኘ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የድፍረት ብቻ አይደለም፤ እሳቸው መጀመሪያ ሲሆኑ እኔ ልማድ የተከተልሁ ነኝ። መቶ ዓመት ያገለገለ ጭምብል ማንንም አይሸፍንም፣ ማንንም አይገልጥም።

አሁን ሁለተኛውን ረቂቅ ይዣለሁ። ዳኛው ሰው ሆኗል፤ ከረባቱ አልተለወጠም፤ ሙዙ በገንዘብ ተተክቷል። ዝንጀሮው ግን ከተውኔቱ አልወጣም። በችሎቱ መስኮት በኩል ከሚታየው የበቆሎ ማሳ ዳር ይቀመጣል፤ አንድ ቃል አይናገርም። ክፍሉን ለዲምቱው ልጅ አስቤዋለሁ፤ በመምህሩ በኩል ብልክበት ተስማምቶ፣ በቆሎው እውነተኛ ይሁን ብቻ ብሏል። ያስቸገረኝ የመጨረሻው ትዕይንት ነው፤ ዳኛው ፍርዱን ሲያነብ ዝንጀሮው ወዴት ማየት አለበት? ወደ ሰማይ እንዳልል፣ ተመልካቹ ጸሎት ያደረሰ ይመስለዋል። አዛውንቱን መጠየቅ ይኖርብኛል።