መጠይቁ ከመጀመሩ በፊት

የሥነ አእምሮ ነርስ ሆኜ ወደ ምርምር ስገባ የሥራ ባልደረቦቼ ደጋግመው የጠየቁኝ ነገር ነበር። «ሕመምተኛ ማየቱን ትተሽ ቅጽ ልትሞዪ ነው?» ይሉኝ ነበር። አልተውኩም። ዛሬም በቡታጅራና በሶዶ ገጠሮች ወጣት መረጃ ሰብሳቢዎችን ሳሠለጥን አስቀድሜ የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ መጠይቁን ከቦርሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ሰውየውን እዩት። እግሩን፣ ቆዳውን፣ አተነፋፈሱን እዩ። ዛሬ ምን እንደቀመሰ ጠይቁት። በከባድ የአእምሮ ሕመም ላይ የሚሠራ ጥናት ከአካሉ ዓይኑን ካነሳ ሰውየውን ራሱን ያጣዋል።

ይህን ያስተማረችኝ ቡታጅራ ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ቀበሌዎች፣ ከ1998 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። መጠይቁ ብቻውን አይበቃምና ሰፈሩን አብጠርጥረው የሚያውቁ ነዋሪዎችም ተጠይቀው፣ ጓሮ የተደበቁት ሳይቀሩ እንዲገኙ ተደርጓል። ስኪዞፍሬኒያ እንዳለባቸው የተለዩት አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። በዚያ ዘመን ለአገሪቱ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ከዋና ከተማው ውጭ ያለውን ሸክም በአብዛኛው የተሸከሙት ነርሶች ናቸው።

ጥናቱ ግን ሰዎቹን ቆጥሮ አልተለያቸውም። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ክትትል ተደርጎላቸዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ 121 ሰዎች ሞቱ። ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር ዕድሜያቸው በሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ያጠረ ነበር። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነው። ራስን ማጥፋት፣ አደጋና በሰው እጅ መገደልም ነበሩ፤ ትልቁን ድርሻ የወሰደው ግን ማንኛውም ጤና ጣቢያ በየቀኑ የሚያክመው ዓይነት በሽታ ነው።

ይህን ውጤት ባነበብኩ ቁጥር ይቆረቁረኛል። ሲያስለው የከረመ ሰው ለብቻው ሲያወራ ከታየ፣ የደረት ማዳመጫ የሚያነሳለት የለም። ወሬው ሁሉ ስለ እብደቱ ይሆንና ሳሉ ይረሳል። ቤተሰብም ለጸበሉ፣ ለመጓጓዣው፣ ለጠባቂው ያለውን ጥሪት ጨርሶ የሚመጣ ነውና ሳልና ቁስል ነግሮ ሌላ ወጪ ለመጨመር አቅም ያጥረዋል።

የአካሉ ነገር መለኪያችን ውስጥም ይገባል። የሕመም ምልክቶችን ክብደት ነጥብ የምንሰጥባቸው ቅጾች አሉ፤ ከመስመሮቻቸው አንዱ ራስን መጣል ይባላል። አንድ ወጣት ልብሱ ቆሽሾ፣ ፀጉሩ ተንጨባሮ ቢመጣ ከፍተኛ ነጥብ መስጠት ቀላል ነው። እኔ ግን ወንድሞቹን አያለሁ፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ እጠይቃለሁ። ቤቱ ሁሉ ሳሙና ካጣ፣ ያ ድህነት ነው። ጥርጣሬ የሚለው መስመርም እንዲሁ ነው። ጎረቤት ድንጋይ ይወረውርብኛል የሚልን ሰው፣ መንገድ ላይ ልጆች በእርግጥ እየወገሩት ከሆነ፣ በሕመሙ ላይ ነጥብ ልጨምርበት አይገባም። ፊቱ ደንዝዞ፣ ድምፁ ሳይወጣና ሳይወርድ ሲያናግረኝ ደግሞ እጁን አስፈቅጄ ክርኑን በቀስታ አጥፌ እዘረጋለሁ። ክንዱ እየያዘ እየለቀቀ ከታጠፈ ሃሎፔሪዶሉ ጡንቻውን አግትሮት ይሆናል። የሕመሙ ነው ብዬ ከመመዝገቤ በፊት የመድኃኒቱን ድርሻ መለየት አለብኝ።

ሰውየው ዘንድ መድረስም ብልሃት ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ እናት በር ላይ ተቀብለውኝ «ሲስተር፣ እሱ ምን ያውቅና ነው የምትጠይቂው፤ እኔ እነግርሻለሁ» ይላሉ። «እማማ፣ የእርስዎንም እሰማለሁ፤ አስቀድሜ ግን ከእሱ ልስማ» እላቸዋለሁ። ዱካ ስቤ ከጎኑ እቀመጣለሁ እንጂ ከፊቱ አልደቀንም። ቡናው እስኪፈላ ስለ እንሰቱና ስለ በርበሬው እናወራለን። ጥያቄው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እንዲህ ተቀምጦ በመስማት የተገኘ አንድ ግኝት አለ። መድኃኒት የሚያቋርጡ ሰዎችን ሐኪሞች ሕመማቸውን አያምኑም እያሉ ሲያስረዱ ኖረዋል። በቡታጅራ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውና አስታማሚዎቻቸው ሲጠየቁ ግን ረሃብ የሚባል ምክንያት ወጣ። ክሎርፕሮማዚንን የመሰሉ መድኃኒቶች ምግብ ያስመኛሉ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ቆጮው እንኳ ለሁሉ አይዳረስም። ክኒኑን ውጦ ሌሊቱን በረሃብ ከመገላበጥ መተዉ ይሻለዋል። ይህን ሰው ምክር ደጋግሞ መስጠት አያድነውም፤ እህል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ስለ መድኃኒት የሚጠይቅ ጥናት ሁሉ ስለ ማዕድ መጠየቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

አካልን ማየት የማንኛውም ጤና ሠራተኛ ሙያ መሆኑ ደግሞ ተስፋ ይሰጠኛል። በ2022 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 329 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ በሥነ አእምሮ ነርሶች ክሊኒክ፣ ገሚሶቹ ሠልጥነው በተዘጋጁ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ታክመዋል። ጤና ጣቢያው አላነሰም። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን 166 ሰዎች የያዘ፣ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ሲደግፏቸው ከሕክምናው ብቻ ይልቅ የዕለት ኑሯቸው እንደሚሻሻል አሳይቷል። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ሳሉንም፣ በሰንሰለት ታስሮ ከከረመ የሰንሰለቱን ቁስልም፣ ክኒኑንም በአንድ ቀጠሮ ልታይ ትችላለች። ቤተሰብን በሰንሰለት እንዲያስር የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ጭካኔ ሳይሆን የሚረዳው ማጣት ነው፤ ቁስሉን የምታጥበው ነርስ ስለ መፍታቱ ለማውራት በሩ ይከፈትላታል።

እንግዲህ ወደዚህ ሙያ ለሚመጡ ነርሶች የምለው ይህ ነው፦ ነርስነታችሁን ጥናቱ ደጃፍ ላይ ጥላችሁ አትግቡ። የምታዘጋጁት የክትትል ቅጽ የመጀመሪያ ገጹ ክብደት፣ ሳል፣ ቁስል፣ ትናንት የተበላውን ይጠይቅ፤ ምልክት መለኪያው ከዚያ ይከተል። የሚያስል ሰው ካገኛችሁ በቅጹ ላይ ጽፋችሁ አትለፉት፤ በዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ አድርሱት። በሚቀጥለው ዙር ስትመለሱ ቤቱ ታገኙት ዘንድ የምትሠሩት ይህ የጥናታችሁ ሥራ ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው ብቻ ነውና የሚያገግመው።