የሴቶች የፖለቲካ ድርሰትና የሥነ ጽሑፍ ትምህርት መለኪያ፤ ከባቢሌ አካባቢ ሲታይ

ባለፉት ምዕተ ዓመታት ሴቶች ፖለቲካ ነክ ጽሑፎችን በማዘጋጀትና በማሳተም ረገድ የነበራቸው ድርሻ በክፍል ውስጥ ሲነሣ መልሱ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። የጥቂት ንግሥታት ስም ይጠራል፤ ከዚያም በአንድ እርምጃ ወደ ሃያኛው ምዕተ ዓመት ይታለፋል። በመካከሉ ያለው ረጅም ዘመን ባዶ ሆኖ ይቀራል። ይህ ባዶነት ከታሪኩ የመጣ ነው ወይስ ታሪኩ ከሚለካበት መለኪያ? መመርመር የሚገባው ይህ ነው።

ጥያቄው በባቢሌ አካባቢ ልዩ ክብደት አለው። ባቢሌ ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ጎን ለጎን የሚነገሩባት፣ በግመል ገበያዋና በለውዝ ምርቷ የታወቀች ከተማ ናት። ከዚህ አካባቢ ወደ መምህራን ማሠልጠኛ የምትገባ ዕጩ መምህርት «ደራሲ» የሚለውን ቃል የምትማረው ስሙ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ከታተመ ሰው ጋር አያይዛ ነው። በዚህ መለኪያ ሴት አያቷን ብትመዝን «አልጻፈችም» ትላለች፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥታ «ስለ ሕዝብ ጉዳይ የደረሰችው ነገር የለም» ወደሚል ድምዳሜ ከተሻገረች ስሕተቱ እዚያ ላይ ይጀምራል። ይህንኑ ስሕተት ነገ ለተማሪዎቿ ታስተላልፋለች።

ስሕተቱን ለማስወገድ ሦስት ተግባሮችን ለይቶ መመልከት ያስፈልጋል። እነርሱም ቃሉን መድረስ፣ የተደረሰውን በጽሑፍ ማስፈርና የተጻፈውን አባዝቶ ማሰራጨት ናቸው። የዘመኑ አንባቢ ሦስቱን የአንድ ሰው ሥራ አድርጎ ማየት ለምዷል። ባለፉት ምዕተ ዓመታት ግን ሦስቱ በተለያዩ እጆች የተያዙ ነበሩ። የሴቶች ድርሻ የሚታየውም፣ የተቋረጠበት ቦታ የሚታወቀውም በዚህ መልክ ሲለያዩ ነው።

የመጀመሪያው ምሳሌ የእቴጌ እሌኒ ደብዳቤ ነው። የሐድያ ባላባት ልጅ የነበሩት እሌኒ፣ ልብነ ድንግል በልጅነቱ በነገሠበት ጊዜ አገሪቱን በሞግዚትነት ያስተዳድሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1509 ለፖርቱጋል ንጉሥ የጻፉትን ደብዳቤ ማቴዎስ በተባለ መልእክተኛ እጅ ላኩ። መልእክቱ ፍጹም ፖለቲካዊ ነው። በባሕር ላይ የፖርቱጋል መርከቦች፣ በየብስ ደግሞ የኢትዮጵያ ስንቅና ሠራዊት ተባብረው የግብፅን ኃይል እንዲቋቋሙ ሐሳብ ያቀርባል። ይህ ደብዳቤ እ.ኤ.አ. በ1532 ዳምያኦ ደ ጎይሽ በተባለው ፖርቱጋላዊ አማካይነት በአንትወርፕ ከተማ በላቲን ታተመ፤ በማግሥቱ ዓመትም በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደን ላይ ወጣ። እንግዲህ በኢትዮጵያ ውስጥ ማተሚያ ቤት ከመታወቁ ከብዙ ዘመን በፊት የአንዲት ኢትዮጵያዊት የፖለቲካ ጽሑፍ በአውሮፓ ታትሞ ይነበብ ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ማሳተሙ የእሌኒ ውሳኔ አልነበረም። ለአንድ ንጉሥ የታሰበ ቃል በሌሎች ፈቃድ ለማያውቁት አንባቢ ተሰጠ።

ሁለተኛው ምሳሌ ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ሲቀበሉ ወለተ ጴጥሮስ አጥብቀው ተቃወሙ፤ በዚህም ምክንያት ለግዞት ተዳረጉ። ገድሉ የተጻፈው ካረፉ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1672፣ ገላውዴዎስ በተባለ መነኩሴ ነው። ጸሐፊው ያሰፈረው ወለተ ጴጥሮስን የሚያውቁ ሰዎች የነገሩትን ሲሆን፣ በማኅበራቸው ውስጥ ብዙ ሴቶች ነበሩበት። ስለዚህ ብዕሩ የወንድ ቢሆንም ትዝታው በከፊል የሴቶች ነው። ለባቢሌ ቅርብ በሆነችው በሐረር ታሪክም ተመሳሳይ ሁኔታ ይታያል። የኢማም አሕመድ ባለቤትና የኢማም ማሕፉዝ ልጅ የሆኑት ድል ወምበራ በዘመቻው መሳተፋቸውን የምናውቀው ዐረብ ፈቂህ ከጻፈው የዘመቻ ታሪክ እንጂ ከራሳቸው ብዕር አይደለም።

በእነዚህ ምሳሌዎች የተነሡት ሴቶች በቤተ መንግሥት፣ በገዳም ወይም በጦር መሪ ቤት የነበሩ ናቸው። ቤተ መንግሥትም ገዳምም በሌለበት፣ ኑሮው ከግመልና ከውኃ ጉድጓድ ጋር በተያያዘበት በሶማሌ አርብቶ አደር ዘንድስ? በዚያ የፖለቲካ ክርክር የሚካሄደው በግጥም ነበር። የአማርኛ ግጥም በስንኝ መጨረሻ ቤት ሲመታ፣ የሶማልኛው በቃላት መነሻ ድምፅ ይገጥማል፤ የተመረጠው ድምፅም ከግጥሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። «ገባይ» የተባለው የግጥም ዓይነት በአብዛኛው የወንዶች ሲሆን «ቡራንቡር» የሴቶች ነው። ቡራንቡር በሠርግና በሌላም ስብሰባ ላይ በከበሮና በጭብጨባ ይባላል፤ ማሞገሻ፣ መውቀሻ፣ ማስታረቂያና መምከሪያ ሆኖ ያገለግላል።

የሁለቱ ዕጣ የሚለያየው በሦስተኛው ተግባር፣ በማሰራጨቱ ላይ ነው። ገባይ በቃላቸው የሚይዙ አጥኚዎች አሉት፤ እነርሱም የገጣሚውን ስም እየጠሩ ግጥሙን ከቦታ ወደ ቦታ ያደርሳሉ። ያለ ማተሚያ የሚሠራ የኅትመት ሥርዓት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለቡራንቡር ግን ይህ አገልግሎት እምብዛም አልተሰጠም። የሴት ግጥም ይዞ መዞርን ወንዱ አጥኚ ለክብሩ አይመጥንም ይል ነበርና፣ ግጥሙ በተባለበት ሸንጎ ይቀራል፤ ቢሻገርም የባለቤቱ ስም ይጠፋል። ዘይነብ መሐመድ ጃማ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1994 ባወጡአቸው ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ የኋላ ዘመን ተመራማሪዎችም ትኩረታቸውን በወንዶች ግጥም ላይ አድርገው የቆየውን ሚዛን አጸኑት።

ይህ ምን እንዳሳጣ የወይዘሮ ሐዋ ጅብሪል ሥራ ያስረዳል። ሐዋ ጅብሪል የባቢሌ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን በጅግጅጋም ቅርንጫፍ የነበረው የሶማሌ ወጣቶች ሊግ አባል ሆነው ቡራንቡርን ለፖለቲካ ዓላማ ካዋሉት ሴቶች አንዷ ነበሩ። ግጥማቸው ቅኝ ገዥን ብቻ የሚወቅስ አይደለም። በትግሉ ጊዜ የተፈለጉ ሴቶች ነጻነት ሲገኝ ለምን እንደተረሱ የትግል ጓዶቻቸውን ይጠይቃል። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ መልክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ያውም በካናዳ አገር፣ በገዛ ልጃቸው በፋዱማ አሕመድ ዓሊም ትርጉም። በመድረስና በማሳተም መካከል ወደ ስድሳ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልፏል። ልጅ ባትተረጉመው ኖሮ አያትየዋን «አልደረሰችም» ለማለት ሌላ ማስረጃ ባላስፈለገም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በቃል የተባለውን ሁሉ ሥነ ጽሑፍ ማለት የቃሉን ትርጉም ማላላት ነው የሚል ነው። ተቃውሞው መሠረት አለው። ቡራንቡር ጽሑፍ አይደለም፤ ጽሑፍ ነው ብሎ ማስተማርም ለሴቶቹ ክብር አይጨምርም፤ እንዲያውም ከመጻፍና ከማሳተም መከልከላቸውን ይሸፍናል። ትክክለኛው አቀራረብ ድርሰት ነው ብሎ ከተቀበሉ በኋላ ለምን እንዳልተጻፈ መጠየቅ ነው።

ሦስቱም ተግባሮች በአንዲት ሴት እጅ የገቡበትን ሁኔታ ለማየት ወደ ስንዱ ገብሩ መሄድ ይበቃል። በስዊዘርላንድ የተማሩት፣ በፋሽስት ወረራ ጊዜ ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው ወደ ጣሊያን አገር የተጋዙት፣ በኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ የሆኑት ስንዱ፣ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን በስማቸው አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ከቡራንቡር ባለቤቶች የለያቸው የአገር ፍቅር ወይም የቃል ችሎታ ብልጫ ነው ማለት አይቻልም። ትምህርት ቤት፣ የጽሕፈት ቋንቋና ማተሚያ ቤት ቅርባቸው ነበሩ።

በባቢሌ አካባቢ ላሉ ሴቶች ይህ መንገድ የተከፈተው ዘግይቶ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት ከደረሰባቸው 15 ቋንቋዎች መካከል ኦሮምኛና ሶማልኛም ነበሩበት፤ ማስተማሪያውም የግዕዝ ፊደል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ ሁለቱም ቋንቋዎች በትምህርት ቤት በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። በዘመቻው ማንበብ የተማረች እናት የልጇን ደብተር ለማንበብ እንደገና ፊደል መቁጠር አስፈልጓታል።

ስለሆነም የሥነ ጽሑፍ መርሐ ትምህርት አዘጋጆች የስም ዝርዝር ከማርዘም ይልቅ መለኪያውን ማረም ይኖርባቸዋል። ስለ አንድ የቆየ ድርሰት ተማሪው «ማን ደረሰው? ማን ጻፈው? ማን አሰራጨው?» ብሎ እንዲጠይቅ ይለማመድ። የባቢሌ ዕጩ መምህርትም በዕረፍት ጊዜዋ ወደ ቤቷ ስትመለስ የእናቶችን ቡራንቡር ከባለቤቶቹ ፈቃድ ጋር ትመዝግብ፤ የገጣሚዋን ስም፣ የተባለበትን ምክንያትና ቦታ አትዝለል። ዜማውና ከበሮው በወረቀት ላይ እንደማይቀሩም ትግለጽ። ስም ሳይጻፍ የሚሰበሰብ ግጥም «የሕዝብ» ተብሎ ይመዘገባል፤ የሴቶቹ ድርሻ የጠፋውም በዚሁ መንገድ ነበር። አረጋውያኑ በሕይወት እያሉ ካልተጠየቁ ግን ነገ የሚጠየቅ አይኖርም።