«የኦክቴን ቁጥር» ጥራት ነውን? ስለ አንድ የነዳጅ ስያሜ አተረጓጎም

የመኪና መምሪያ መጻሕፍትን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎች ከሚሰናከሉባቸው ቃላት አንዱ የቤንዚን ዓይነት የሚለይበት «ኦክቴን» የተባለው ስያሜ ነው። ይህንኑ አንዳንዱ «የቤንዚን ጥራት»፣ አንዳንዱ «የቤንዚን ኃይል»፣ ሌላው ደግሞ «የቤንዚን ደረጃ» ሲል ይተረጉመዋል። ሦስቱም ለጆሮ አይጎረብጡም፤ ነገር ግን ሦስቱም አንባቢን ያሳስታሉ እንላለን።

በመሠረቱ የኦክቴን ቁጥር የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም ቤንዚኑ በሲሊንደር ውስጥ ከአየር ጋር ታምቆ ሲሞቅ፣ ከካንዴላው የተነሣው እሳት ሳይደርስበት በራሱ እንዳይቀጣጠል ያለው የመቋቋም ችሎታ ነው። ይህ ችሎታ ለሞተሩ ካነሰው ሞተሩ ያንኳኳል፤ ማንኳኳቱ ሲበረታና ሲደጋገም ፒስቶን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ለመለኪያው አይሶኦክቴን 100፣ ኖርማል ሄፕቴን 0 ተብለዋል። ስለዚህ ባለ 95 ቤንዚን ማለት 95 እጅ አይሶኦክቴንና 5 እጅ ሄፕቴን ያለበትን ድብልቅ ያህል ማንኳኳትን የሚቋቋም ማለት ነው እንጂ «95 በመቶው ኦክቴን የሆነ» ማለት አይደለም። ኖርማል ኦክቴን የተባለው ውሁድ ራሱ በዚህ መለኪያ ከ0 በታች መዋሉን ያስተዋለ ተርጓሚ በዚህ ስሕተት አይወድቅም።

«ጥራት» ከ«ጠራ» የወጣ ሲሆን ተቃራኒው «ድፍርስነት» ነው። ትርጉሙን ያነበበ ባለመኪና ዝቅተኛው ቁጥር ቆሻሻ፣ ከፍተኛው ንጹሕ ይመስለዋል። ሞተሩ ለ87 የተሠራለት ሰው 93 እየቀዳ ገንዘቡን ያወጣል፤ በአንጻሩ የሚያገኘው ጥቅም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። «ኃይል» የሚለውም አይሻልም፤ የኦክቴን ቁጥር በሊትሩ ውስጥ ያለውን ጉልበት አይነግረንምና። ከፍተኛ እመቃ ያለው ሞተር ብዙ ኃይል የሚሰጠው በአሠራሩ ነው፤ ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ሳያንኳኳ እንዲሠራ ይፈቅድለታል እንጂ ኃይሉን አይጨምርለትም። «ደረጃ» ከሁለቱ ቀለል ያለ ጥፋት ነው፤ ሆኖም «አንደኛ ደረጃ»፣ «ዝቅተኛ ደረጃ» ማለትን ስለ ለመድን ማበላለጥን ያስከትላል።

ሁለተኛው ጉድለት ቁጥሩን ያለ መለኪያው ዘዴ ማስተላለፍ ነው። በአውሮፓ ማደያዎች የሚጻፈው 95 «ሪሰርች» በተባለው ዘዴ የተገኘ ነው፤ በአሜሪካ የሚጻፈው 87 ግን የ«ሪሰርች» እና የ«ሞተር» ዘዴዎች አማካይ ነው። የአሜሪካው 87 በአውሮፓው አቆጣጠር ወደ 91 ወይም 92 ይጠጋል። እንግዲህ በዋሽንግተን የሚኖር አማርኛ አንባቢ ከአውሮፓ መምሪያ የተተረጐመ «95» ብቻ ቢያይ፣ በማደያው ከተጻፈው 93 እንኳ የሚበቃው ያጣ ይመስለዋል። እውነቱ ግን 91 የተባለው ለመኪናው የሚበቃ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት በግሱ ላይ ነው። መምሪያዎች «ይመከራል» እና «ግዴታ ነው» የሚሉትን በጥንቃቄ ይለያሉ። በዛሬዎቹ ብዙ ሞተሮች ማንኳኳትን የሚሰማ መሣሪያ የእሳቱን ጊዜ ያዘገያል፤ ስለዚህ ከተመከረው ዝቅ ያለ ቤንዚን ቢቀዳ ኃይል ጥቂት ይቀንስ እንደ ሆነ እንጂ ብዙ ጊዜ ጉዳት አይደርስም። ግዴታ የተባለውን መተላለፍ ግን ሞተርን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ተርጓሚው ሁለቱንም «ያስፈልጋል» ብሎ ካለፈ፣ አንዱን አንባቢ ያለ ወጪው ያስወጣዋል፤ ሌላውን ሞተሩን ያስጎዳዋል።

ለባዕድ ቃል በር ይከፈት ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ቤንዚን፣ ሞተርና ካንዴላ ቤተኛ ከሆኑ ውለው አድረዋል፤ «ኦክቴን»ም የውሁድ ስም በመሆኑ ባለበት ቢቆይ የተሻለ ነው። በአማርኛ መገለጽ ያለበት ፍቺው ነው። ስለዚህ ለመዝገበ ቃላት የሚከተለውን እናቀርባለን፦ «የኦክቴን ቁጥር፤ ቤንዚን በሞተር ውስጥ ያለ ጊዜው በራሱ መቀጣጠልን የሚቋቋምበት ችሎታ መለኪያ፤ ከቁጥሩ ጋር የተለካበት ዘዴ ይጠቀሳል።» በመምሪያ ትርጉም ደግሞ «ለሞተሩ የሚስማማ የኦክቴን ቁጥር» ቢባል ይበቃል። «የሚስማማ» የሚለው ቃል ማበላለጥን አስቀርቶ አንባቢውን ወደ ተገቢው ጥያቄ ይመራዋል፤ ጥያቄውም «የትኛው ቤንዚን ይበልጣል?» ሳይሆን «የእኔ ሞተር የተሠራው ለየትኛው ነው?» የሚል ነው።